ከኋላ የሚቀዝፈው

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ፎቶ ማንሳት። «አፌ ያመሰግናል፣ ልቤ ግን አይከተለኝም፤ ለምን?» ብለህ ጠይቀኸኛልና ታገሠኝ፤ መልሴ በዚህ ሰው በኩል ነው የሚመጣው።

ይህ ሰው ሐይቅ ዳር ተወልዶ ያደገ ነው። አባቱ ከደንገል ሣር በተሠራ ታንኳ ሰውና እህል እያሻገሩ ነው ያሳደጉት። አንድ ቀን፣ አዲስ ሆቴል የሚከፍት ባለጸጋ አስጠራውና፣ ዓሣ አጥማጆች በማለዳ መረብ ሲያወጡ የሚያሳይ አንድ ጥሩ ፎቶ ካመጣህልኝ እቀጥርሃለሁ አለው። ሚስቱ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። ካሜራው የሰው ነው፤ ረፋድ ላይ መመለስ አለበት። እንግዲህ ያለችው አንዲት ማለዳ ብቻ ናት።

አባቱን ይውሰዱኝ አላቸው። ሽማግሌው ቀኝ ትከሻቸውን ከታመሙ ሰንብተዋል፤ ግን ልጅ ለምኖ እምቢ ይባላል እንዴ? መቅዘፊያቸውን አንስተው ከኋላ ተቀመጡ፤ እሱ ከፊት።

ዓሣ አጥማጆቹ አጠገብ ሲደርሱ ነፋስ ተነሣ። ፎቶ አንሺያችን በደንብ ልይ ብሎ ብድግ አለ። አነሣ፤ ደበዘዘ። ደገመ፤ ሐይቁ ወደ አንድ ጎን የተደፋ መስሎ ወጣ። ጥፋቱን በቀዛፊው ላይ ጣለና፣ አባቴ መቅዘፉን ይተዉት፣ የሚያናውጠኝ እሱ ነው አለ። እሳቸውም ተዉት። ደንገል ደግሞ ቀላል ነው፤ ቀዛፊ ሲለቀው ጎኑን ለማዕበሉ ይሰጣል። ታንኳው ዞሮ ያንገላታው ጀመር፤ ካሜራው ከነሰውየው ለጥቂት ተረፈ። ሐይቁን ረገመ። በልጅነቴ ይህ ሐይቅ ጸጥ ያለ ነበር፣ አሁን ምን እንደነካው እንጃ እያለ አማረረ።

«ውሃ ላይ የቆመ አይረጋም፣ ልጄ» አሉት አባቱ። «ቁጭ በል። ክርንህን ጉልበትህ ላይ አስደግፍ። የታንኳውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ እኔ እይዝልሃለሁ።»

ቁጭ አለ፤ ቸግሮት እንጂ አምኖ አይደለም። ክርኑን አስደገፈ፣ ትንፋሹን ያዘ። ታንኳው ረጋ። መረቡ ውሃ እያንጠባጠበ ብቅ ሲል፣ ሁለቱ አጥማጆች ጎንበስ ሲሉ፣ ያን ጊዜ አነሣ። የጣቶቻቸው አንጓ ሳይቀር ይታያል። ተመስገን፣ ሐይቁ ረጋልኝ አለ።

ይህን ሲል ከኋላው የሰው ማቃሰት ሰማ። ዞረ።

ሐይቁ አልረጋም ነበር። አባቱ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ በዚያ በታመመ ትከሻ አጭር አጭር እየቀዘፉ፣ የታንኳውን አፍንጫ ከማዕበሉ ጋር ያጋጥማሉ፤ ግንባራቸው ላብ በላብ ሆኗል። ያኔ ልጅ ሆኖ ከፊት ተቀምጦ ቆሎውን እየቆረጠመ ሲሻገር፣ ያ ጸጥ ያለ ሐይቅ ምን እንደነበረ አሁን ገባው። እንባው መጣ። በጉልበቱ ድሆ ሄደና ትከሻቸውን ሳመ፤ መቅዘፊያውንም ተቀበላቸው።

ሲመለሱ አባት ከፊት ተቀመጡ። ልጅ ክንዱ እየዛለ፣ እየተሳሳተ ይቀዝፋል። ነፋሱ እንዳለ ነው። ሽማግሌው ወደ ኋላ ሳይዞሩ፦

«ዛሬስ ሐይቁ እንዴት ጸጥ ብሏል» አሉ።

ባለጸጋው ፎቶውን ወደደው፣ ሰውየውም ተቀጠረ። ነገሬ ግን ወዲህ ነው።

አንተም ልጄ፣ እንደዚያ ሰው ነህ። ስታመሰግን ሰምቼሃለሁ፤ ስለ ጤናህ፣ ስለ ትምህርትህ፣ ስለ እንጀራህ። ያመሰገንከው ግን ሐይቁ ስለ ረጋ ነው። ሐይቅ በራሱ አይረጋም። ከላይ ፈጣሪ፣ ከታች ደግሞ እሱ የላከው ሰው ትከሻውን እያመመው ይዞልሃል፤ አንተ ፊት ለፊት ብቻ እያየህ ልብህ ከየት አምጥቶ ይከተልህ? ዞረህ ፊቱን ያየህ ቀን፣ ልብህ ከአፍህ ቀድሞ ይሄዳል።

አሁን እስቲ ንገረኝ፤ እናትህን ከጠየቅሃት ስንት ጊዜ ሆነህ?