ወንዝ የወሰደው ሰው ክር

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ። በልጅነቴ የሰማሁት ነውና ቅደም ተከተሉን አዛንፌው ይሆናል።

ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን ስንዱ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ክር ውድ ስለነበር አሮጌ ልብስ እየተረተረች በክሩ መልሳ ትሰፋ ነበር። ልማዱ ግን እንዲህ ነው፦ የተተረተረ ክር ይታጠባል፤ እርጥቡን በማጠንጠኛ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይጠመጠማል፤ ሦስት ቀን ያርፋል። ያኔ የቀድሞ ባለቤቱን ይረሳል።

የልጇ የጥሩወርቅ ሠርግ ደረሰና ለቀሚሷ ክር አነሰ። ስንዱ የጎረቤቷን የደርሶን እጀ ጠባብ አነሳች። ደርሶን ወንዝ ወስዶት ሬሳው አልተገኘም፤ እጀ ጠባቡን ብቻ ቁጥቋጦ ይዞት ነበር። ተረተረችው።

«እሜቴ፣ በእኔ ላይ ይጠምጥሙት» አለ ማጠንጠኛው። «ሦስት ቀን ብቻ።»

«ሙሽራ ሦስት ቀን ትቆያለች? አንተ ሥራ ፈት!»

«እሜቴ፣ ይህ ክር ይበርዳል» አለች መርፌ።

«ዝም ብለሽ ውጊ!»

አይጥ ከጥግ ብቅ ብላ ጫፉን ነከሰችና ተፋችው። «እኔ ምን ቸገረኝ፤ ግን ደለል ደለል ይላል።»

«ማን ቅመሽ አለሽ?» አለች ስንዱ፤ ሰፍታም ጨረሰች።

ጥሩወርቅ ቀሚሱን ስትለብስ ሚዜዎቹ በደጅ ይጨፍሩ ነበር። እሷ በጓሮ ወጣች።

«የት ነው ልጄ?»

«እኔ እንጃ እማዬ፤ እጅጌው ይጎትተኛል።»

ከስፌቱ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፦ «ባለቤቴ በርዶታል። ባለቤቴ በርዶታል።»

ስንዱ ማጠንጠኛውን ይዛ ሮጠች። የክሩን ጫፍ ከጠርዙ ላይ ያዘች። ልጅ ወደ ወንዙ ትሄዳለች፤ እናት ትጠመጥማለች። ጠርዙ ተፈታ። ወገቡ ተፈታ። የግራ እጅጌው ወደቀ። የወንዙ ውኃ የጥሩወርቅ ጉልበት ላይ ደረሰ።

«ቶሎ በሉ እሜቴ!» ጮኸ ማጠንጠኛው። «የቀኙ ቀርቷል!»

ለመተርተር ጊዜ አልነበረም፤ ስንዱ እጅጌውን ቀድዳ ጣለችው። ልጅቷ በውስጥ ልብሷ እየተንቀጠቀጠች ባለችበት ቆመች። እጅጌው ግን አልቆመም። ክርኑ ላይ ታጥፎ፣ ክንድ እንዳለበት ሁሉ ውኃውን እየቀዘፈ ወደ ጥልቁ ሄደ።

አሮጌ ክር ለሥራ ይበጃል፤ የኖረበትን እስኪተው ግን ጊዜ ስጡት።

ቢያንስ ይህን ከአባቴ ሸሚዝ ተርትሬ አረጋግጫለሁ፦ ከስፌት የወጣ ክር በጣት ደጋግመው ቢያለሰልሱትም የቀድሞ ልብሱን መታጠፊያ ይዞ ይቀራል።