የሚያልበው እንስራና የሰከሩት ዶሮዎች

ላውጋችሁ ወይ? «አውጋን» በሉኛ። እንዲያ ነው። ጠጋ በሉ፤ ግን አትደራረቡ። የዛሬው ወሬ የሙቀት ወሬ ነው፤ ተደራርቦ አይሰማም።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ፣ ዝሆን የሰው ማሳ መሀል ማንንም ሳይጠይቅ ያልፍ በነበረ ጊዜ። ቆላ ውስጥ ቂጣ ሜዳ የምትባል መንደር ነበረች። ስሟን ያወጣችላት ፀሐይ ናት። መሬቷ ላይ ሊጥ ብታሰጡ ቂጣ ሆኖ ይነሳል ይባል ነበር። ሲባል ነው እንግዲህ፤ እኔ ሊጥ ይዤ አልሄድኩም።

በዚያች መንደር ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በሬ የላትም፣ ላም የላትም፣ ፍየል የላትም። ያሏት ዶሮዎች ብቻ ናቸው። እንቁላሉን በጨው ትለውጣለች፣ በእህል ትለውጣለች፣ ትኖራለች። ዶሮዎቹ ካለቁ ትርንጎም አለቀላት ማለት ነው።

ከአጥሯ ማዶ ጓንጉል ይኖራል። ጓንጉል በሬ በቀንዱ ይዞ የሚጥል ጉልበተኛ ነው። የመንደሩ አንድ ለእናቱ የሆነ ጉድጓድ እሱ ግቢ ውስጥ ነበር። በር ሠርቶለታል፣ ቁልፍ አንጠልጥሎበታል። ጠዋት ይከፍትና ለአንድ ቤት አንድ እንስራ ውሃ ይሰጣል። ሕፃን ላለው አንድ፣ በሽተኛ ላለው አንድ፣ እንግዳ ለመጣበትም ያው አንድ። «እባክህ ጨምርልን» ሲሉት ጉድጓዱን በገዛ ክንዱ እንደቆፈረ ይነግራቸዋል። ያላመነ ካለ ክንዱን ያሳየዋል።

አንድ ዓመት ፀሐይዋ አበደች። ዝንቡ እንኳ መብረር ሰልችቶት በእግሩ መሄድ ጀመረ። ዶሮው ሁሉ አፉን ከፍቶ፣ ክንፉን አንጠልጥሎ፣ እንደ ውሻ ያለከልክ ጀመር። ማታ ቆጥ ላይ የወጣችው ዶሮ ጠዋት ከቆጥ ሥር ወድቃ ትገኛለች።

በዚያው ሰሞን የትርንጎ እንስራ ተሰበረና አዲስ ገዛች። አዲስ እንስራ ደግሞ ይሟሻል። እሳት ላይ ይጣዳል፣ ቅባት ይጠጣል፣ ገላው ይደፈናል፤ ከዚያ በኋላ ጠብ አይልም። ወጉ ይህ ነው። ትርንጎ ግን ቅባቱም አልነበራት፤ በዚያ ሙቀት እሳት ፊት መቀመጡም አልሆነላት። ሳታሟሸው በጥሬው ውሃ ሞላችበት። እንስራው አላበው። ሆዱ ረጠበ፣ ሥሩ ረጠበ። ሴቶቹ አይተው፣ ትርንጎ እንስራ ልግዛ ብላ ወንፊት ገዝታ መጣች እያሉ ሳቁባት።

ትርንጎም አብራ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ገብስማዋ ዶሮ እየተንገዳገደች መጥታ እንስራው ሥር ተኛች። ጥቂት ቆይታ አፏን ገጠመች። ክንፏን ሰበሰበች። ትርንጎ ውሃውን ብትቀምሰው ጥርስ የሚያሳምም ቀዝቃዛ ነው።

ከደረቀው ወንዝ አሸዋ ተሸክማ መጣች። ነፋስ በሚያልፍበት ዳስ ጣለች። አሸዋውን ከዳሱ ሥር አነጠፈች፣ እንስራውን መሀሉ ላይ አስቀመጠች፣ አሮጌ ነጠላዋን አርጥባ አለበሰችው። ከእንስራው ውሃ በጥቂቱ ቀድታ ገብስ ዘፈዘፈችላቸው። ዶሮዎቹ እንደ ቤተ ዘመድ እንስራውን ከበው ተኙ።

ጓንጉል ይህን አላየም። እሱ ያየው የትርንጎን ግቢ ነው፤ ከቆየ ጀምሮ ዓይኑ እዚያው ነበር። አንድ ቀን ሽማግሌዎች ትርንጎም ባለችበት የመንደሩ ግራር ሥር እንደተቀመጡ መጣና፣ ዶሮዎችሽ ማለቃቸው አይቀርም፣ ያኔ ግቢሽን ለእኔ ለቀሽ እኔው ቤት እንጨት እየለቀምሽ ትኖሪያለሽ፣ እንጀራ አልነፍግሽም አላት። ደግ የሠራ መስሎት ነው።

ትርንጎ ብድግ አለች።

«አያ ጓንጉል፣ እንወራረድ» አለችው። «የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ በግቢው ብዙ ዶሮ በእግሩ ቆሞ የተገኘለት ይርታ። ከረታኸኝ ግቢዬን ውሰድ። ከረታሁህ የጉድጓዱን በር ትነቅላለህ።»

ሰዉ ደነገጠ። የጓንጉል ዶሮ የእሷ እጥፍ ነው፤ ውሃውም የእሱ ነው። ጓንጉል ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዋስ ጠራ፣ እሷም ዋስ ጠራች። ሽማግሌው አባ ይርዳው መሬት በዘንጋቸው መታ መታ አድርገው ውርርዱን አጸኑት።

ጓንጉል ቤቱ ገብቶ ሥራ ጀመረ። ውሃ አለኝ አይደል ብሎ የዶሮ ቤቱን በውሃ አጥለቀለቀው። በሩን ደግሞ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ብሎ ዘጋው። እኩለ ቀን ላይ ከዶሮ ቤቱ እንፋሎት ወጣ። ሚስቱ እናትዋጋ አፍንጫዋን ይዛ፣ ሽንኩርትና በርበሬ ብቻ ነው የቀረው አለችው። በሩን ሲከፍተው ጭቃ የለበሱት ዶሮዎች በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው ትርንጎ ግቢ ገቡ። ጓንጉል በብብቱ አጭቆ መለሳቸው። ትርንጎም አልከለከለችውም። ቀዳዳውን በድንጋይ ደፈነው።

በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ምን እንደምታደርግ ጠየቃት። ትርንጎ ሳትደብቅ ነገረችው፤ እንስራው ያልበዋል፣ እነሱም ላቡ ላይ ይተኛሉ አለችው። ጓንጉል ያሉትን እንስራዎች ሁሉ አውጥቶ ሞላና ደረደራቸው። የጓንጉል እንስራ ግን በሚገባ የተሟሸ ነው፤ ሦስት ጊዜ ቅባት የጠጣ ነው። ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ ጠብ የለም። እናትዋጋ ከገበያ አንድ ጥሬ እንስራ ላምጣ ብትለው ተቆጣ።

«የጓንጉል እንስራ አፈሰሰ ይበሉኝ?»

ዶሮዎቹ ደረቁን እንስራ ቀና ብለው አዩት፣ እሱን አዩት፣ አሁንም በሌላ ቀዳዳ ሾልከው ትርንጎ ግቢ ገቡ። ጓንጉል አሁንም አጭቆ መለሳቸው። ትርንጎም አልከለከለችውም። ይህንኛውን ቀዳዳ በእሾህ ደፈነው።

ለሦስተኛ ጊዜ አንገቱን አሰገገ። ትርንጎ ከሳህን ውስጥ እርጥብ ገብስ በእፍኟ እያወጣች ስትበትን አየ። አሃ፣ ምሥጢሩ መብሉ ነው አለ። እርጥብ እህል ደግሞ የእሱም ቤት ሞልቷል፤ ለማኅበሩ የተጠነሰሰ የጠላ ድፍድፍ በጋን ነበረ። እጁን ቢነክርበት ቀዝቃዛ ነው። ሳይሰስት በገበታ ገበታ እየዛቀ አቀረበላቸው።

ምን አለፋችሁ፣ ዶሮዎቹ በሉ። ደገሙ። ሠለሱ።

ከዚያ አውራ ዶሮው በጠራራ ፀሐይ ሌሊቱ የነጋ መስሎት ጮኸ። አንድ ጊዜ ጮኾ አልበቃውም፤ ውሻውን ለጠብ ጠራው፣ ውሻውም ይሉኝታ ይዞት ዞር አለ። አንዲት ቀይ ዶሮ ድንጋይ ታቅፋ ተኛች። ሌሎቹ እርስ በርስ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ሄዱ። ቀዳዳ አልፈለጉም። የሰከረ ዶሮ አጥር ምኑ ነው? ተንደርድረው፣ ክንፋቸውን አራግበው፣ አጥሩን በላይ ዘለሉት። አውራውም ተከተለ። ቀይዋም ድንጋይዋን ትታ ተከተለች። እንስራውን ከበው፣ ረጥቦ የቀዘቀዘው አሸዋ ላይ ዘፍ ዘፍ አሉ።

ጓንጉል ሊያመጣቸው አጥሩን ሲዞር ሰማዩ አጉረመረመ። ጠብ አለ። ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ዶሮዎቹ ፊታቸውን ሲነካቸው ነቁ፣ በእግራቸው ቆሙ፣ አንገታቸውን እያቀኑ ጠጡ።

ሽማግሌዎቹ እየረጠቡ፣ እየሳቁ መጡ። ጓንጉል ግቢ ገቡ፤ ጭቃ እንጂ ዶሮ የለም። ትርንጎ ግቢ ገቡ፤ እግር ማሳረፊያ የለም።

ጓንጉል እነዚህኞቹ የእኔ ናቸው አለ። አባ ይርዳው ዶሮ በባለቤቱ ሳይሆን በቆመበት ግቢ እንዲቆጠር የተወራረዱት እሱና ትርንጎ ራሳቸው መሆናቸውን አስታወሱት። ጓንጉል አልዋጥልህ አለው።

«እንግዲያው ጥራቸው» አሉት። «ከመጡልህ ያንተ ይሁኑ።»

በእህል ጠራቸው። አልመጡም። በቁጣ ጠራቸው። አልመጡም። በልመና ጠራቸው። አውራው ዶሮ አንድ ዓይኑን ከፍቶ አየውና መልሶ ጨፈነው። መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። እናትዋጋ ሳቋን በነጠላዋ ብትጋርደውም ትከሻዋ አጋለጣት።

ጓንጉል ዋሱን አየ፣ ዋሱ መሬት መሬት አየ። ሄደና የጉድጓዱን በር በሁለት እጁ ይዞ በአንድ ጊዜ ከነመቃኑ ነቀለው። ያ ሁሉ ጉልበት ያን ቀን ለሰው ጠቀመ። ሴቱ እንስራውን ይዞ ጎረፈ። ሁለት የቀዳ አለ፣ ሦስት የቀዳ አለ፤ ልጆቹማ ውሃ ተራጩ፤ ጓንጉልንም ሳይቀር ረጩት። መጀመሪያ ተኮሳተረ። ቀዝቃዛው በአንገቱ ሲወርድ ግን ሳያስበው ፈገግ አለ።

ትርንጎ ስካሩ ሲለቃቸው ዶሮዎቹን ለባለቤታቸው መለሰች። ከዶሮዎቹ ጋርም ዳሱ እንዴት እንደሚጣል ለእናትዋጋ አሳየቻት። በሚመጣው ገበያ እናትዋጋ ባሏን ሳትጠይቅ ጥሬ እንስራ ገዛች።

የቂጣ ሜዳ ሰዎችም እጁ ለማይፈታ ሰው እስከ ዛሬ እንዲህ ይሉታል፦ የማያልበው እንስራ፣ ለራሱ ቢሞላ ለጎረቤት አይቀዘቅዝ።

ወሬው ከእኔ፣ ውሃው ከእናንተ፤ ጉሮሮዬን አርጥቡልኝ።