መጣሁ ጌታዬ

በአንድ ወቅት፣ ፊልም ገና አፉን በፈታበት ዘመን፣ በአሜሪካ ኤልበርት ግሪንሊ የሚባል ጥቁር ኮሜዲያን ነበር። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ አሽከር ሆኖ መዘግየት። ነጩ ጌታ ከሳሎን ይጣራል፣ ኤልበርት ከበሩ ላይ «መጣሁ ጌታዬ» ይላል፣ አይመጣም። እኛም አገር «መጣሁ» ብሎ የሚወጣ ሰው ሞልቷል፤ እሱ ግን በዚህች ቃል ቤት ሠራባት፣ መኪናም ገዛባት።

ዝግታው ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ፊልም ሠሪዎቹ ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጡት ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ያለችውን መንገድ ብቻ ነበር። ኤልበርት እሷኑ ሲያዘግምባት ካሜራው ሳይወድ በግዱ ይጠብቀዋል። እየሄደ ደግሞ ያጉተመትማል። ነጮቹ ትርጉም የለሽ ልፍለፋ ይመስላቸዋል። በሲኒማ ቤቱ ጥቁሮች የሚቀመጡት ሰገነት ላይ ነውና፣ ታች ያሉት በአካሄዱ ሲስቁ ላይ ያሉት በሚያጉተመትመው ይስቃሉ። ሴት ልጁ ኦዴሳ ከሰገነቱ ሆና ሁለቱንም ሳቅ ትሰማ ነበር። አባቷ የሚሠራው ለየትኛው ሳቅ እንደሆነ ግን እርግጠኛ ሆና አታውቅም። ትልቅ ሴት ከሆነች በኋላም ይኸው ነገር ዕረፍት ይነሳት ነበር።

ዘመን ተለወጠ። ጥቁሮች መብታቸውን ሊጠይቁ አደባባይ ሲወጡ የኤልበርት ስም ስድብ ሆነ፤ ሥራም ጠፋ። ፊልሞቹ አንድ በአንድ አልቀው፣ አንድ ጥቅል ብቻ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ተረፈ። ሊሞት ሲል ኦዴሳንና ወንድሟን ካልቪንን፣ ሙያውን ከእሱ የተማረውን ኮሜዲያን ሌስተርንም አስጠራ። «ፊልሙን የገባው ሰው ይውሰደው» አላቸው። የገባው ማን እንደሆነ ሳይናገር ዐረፈ።

ከቀብር መልስ ካልቪን ጣሳውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ትምህርት ቤት ሳለ መጠሪያው «መጣሁ ጌታዬ» ነበር። አድጎ፣ ጥቁር በማይስተናገድበት ምግብ ቤት ተቀምጦ አልነሣም ሲል፣ ፖሊሱ በዱላ የቀጠቀጠው «በል እንጂ፣ መጣሁ ጌታዬ በል» እያለ ነው።

«ለእኔ በደንብ ገብቶኛል» አለና ክብሪት ጫረ።

የድሮ ፊልም እንደ ጭድ ነው የሚነደው። ሌስተር ደርሶ የተያያዘውን ጫፍ በእጁ በጥሶ ጣለው፤ መዳፉ ተላጠ፣ ጥቅሉ ተረፈ።

«እኔ መድረክ ላይ ሰው የማስቀው እሳቸው ባስተማሩኝ እርምጃ ነው» አለ። «እስቲ ሰው አይቶ ይፍረድ።»

እሑድ ከሰዓት የሰፈሩን አዳራሽ ተከራይቶ ፊልሙን አሳየ። አዳራሹ በወጣቶች ሞላ። ድምፁ ግን አርጅቷል፤ ኤልበርት የሚያጉተመትመው አይለይም። የቀረው አካሄዱ ብቻ ነው። የሳቀ ሰው አልነበረም። አንድ ወጣት ተነሥቶ «ይሄ ለእኛ ውርደት ነው፣ አጥፉት» አለ።

ኦዴሳ ይህን ሰምታ መቀመጥ አልቻለችም። አባቷ ቤት ውስጥ ሲለማመድ ጌታውን ሆና የምትጣራው እሷ ስለነበረች፣ ቃሉን በሙሉ ታውቀዋለች። ሄዳ ከመጋረጃው አጠገብ ቆመችና እሱ ባጉተመተመ ቁጥር ጮክ ብላ ትናገር ጀመር።

«ከራበህ አንተም እግር አለህ አይደል?» አለች። «ጥራኝ፣ ጥራኝ፤ እኔ እንደሆን በልቻለሁ።»

መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ሳቁ፤ ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያ የሰገነቱ ሳቅ ነበር። ኦዴሳ ደስ ብሏት ድምጿን ይበልጥ ከፍ አደረገች።

መጨረሻ ላይ ኤልበርት ጠረጴዛው ጋ ይደርሳል። ጌታውን ቀና ብሎ ያይና ረጅም ነገር ያጉተመትማል። ይህችን ንግግር ቤት ውስጥ ተለማምዷት አያውቅም። ኦዴሳ አታውቃትም። ሰው ሁሉ አፍ አፏን እያየ ይጠብቃል።

«ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አንተ ውጣልኝ» አለች።

ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

ካልቪን ከኋላ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። በሩ ላይ ጠበቃት።

«የመጨረሻውን አባዬ ብሎታል?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ የተጨበጨበው ለማን ነው?»

ሌስተር የታሰረ እጁን ይዞ መጣ። «ያሉት እሱኑ ቢሆንስ?» አለ።

«ምንም ያላለ ቢሆንስ?» አለ ካልቪን። «ነጮቹ እንደሚሉት ዝም ብሎ ለፍልፎ ቢሆንስ?»

ኦዴሳ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ቦታ በልቧ ደጋግማ ታዳምጣለች፤ ማጉተምተሙ እንጂ ቃሉ አይሰማትም። ጣሳውንም ውሰጂው ቢሏት እጇ አልዘረጋ አለ።

እንግዲህ ጣሳው ለሰው ይሰጥ ዘንድ ግድ ነው። ውርደቱን በጀርባው የተቀበለው ካልቪን አለ፤ መዳፉን የከፈለበት ሌስተር አለ፤ አባቷ ምናልባት ያላለውን ያለችለት ኦዴሳም አለች። በሉ ፍረዱ፤ ኤልበርት ግሪንሊ የገባው ለማናቸው ነው?