ውሃ ያስተረፈው መንገደኛ

ወገኖቼ፣ የዚህን ሰው ነገር እስክነግራችሁ ቸኩያለሁ!

ሰውየው የአፋር ግመል ጠባቂ ነው፤ ስደተኞች ዐረብ አገር ለመሻገር ወደ ባሕሩ በሚያቋርጡት በረሃ ይውላል። በአገሩ ዳጉ የሚሉት ወግ አለ። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። ወሬ ሳይጠያየቁ ማለፍ ነውር ነው፤ ዳጉ ላይ መዋሸትማ ጨርሶ አይታሰብም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከንፈሩ የተሰነጣጠቀ ወጣት እየተንገዳገደ መጣ። እንድሪስ ይባላል፤ ሥራ ፍለጋ ከወሎ የወጣ ነው። ግመል ጠባቂው በኮዳ ውሃ ሰጠውና አጠገቡ ተቀምጦ ወሬ ጠየቀው። እንድሪስ ፈራ። ገንዘብ ተቀብሎ ስደተኞቹን የሚያሻግረው ደላላ፣ ለማንም ትንፍሽ ብትሉ ትታሰራላችሁ ብሎ አስፈራርቶታል። ስለዚህ ብቻዬን ነኝ አለ።

ዋሸ! ግን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የውሃውን እኩሌታ ጠጣና ክዳኑን ገጠመ። ጉሮሮው እየነደደ፣ ገጠመ! ግመል ጠባቂው የተከደነውን ኮዳ አየ።

«ብቻውን የሆነ ሰው ውሃ አያስተርፍም» አለው። «ማን ቀረ?»

እንድሪስ እንባው ቀደመው። ታናሽ እህቱ ጦይባ እግሯ እምቢ ብሏት ከኋላ ቀርታለች፤ ደላላው መራመድ ያቃተው ይቅር ብሎ ሌሎቹን ይዞ ሄዷል። እሱ ውሃ ፍለጋ ከድንጋይ ጥላ ሥር ትቷት ነው የመጣው።

ያን ጊዜ ዳጉ በረሃውን ሞላው! ግመል ጠባቂው ላገኘው ነገረ፣ ያም ለሌላው ነገረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በዚያ በኩል ፍየል የምታግድ አንዲት እናት ጦይባን አገኘቻት። በሕይወት አገኘቻት!

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሰውየው መታወቂያ አሳየኝ አለ? ማን ውጣ አለህ ብሎ ገሠጸ? እኛ ብንሆንስ? እኛማ ውሃ ብንሰጥ ቸር ነን እንላለን። ቸርነት አይደለም ወገኖቼ! በሕይወት መኖር የሰው መብቱ ነው። ድንበር አልሰጠውም፣ ድንበርም አይነጥቀውም፤ ሰጪው ፈጣሪ ነው።

በየሰፈራችሁ ከዐረብ አገር የተመለሰች ልጅ አለች፤ ጦርነት አፈናቅሎት ቤት የተከራየ ጎረቤት አለ። ምን ይዘሽ መጣሽ፣ መቼ ትሄዳለህ ስንላቸው ከረምን። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። ማን ቀረ ብላችሁ ጠይቋቸው። ከነገሯችሁ በኋላ ግን መቀመጥ የለም፤ ውሃችሁን ይዛችሁ ተነሡ።