ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ የተቀጠለው ሽቦ

አንድ ሲራክ የሚባል የራዲዮና የቴፕ ጠጋኝ በአዋሽ ከተማ ይኖር ነበር። ሌላው «አይሆንም» ብሎ የመለሰውን ዕቃ እሱ ያስነሳዋል። ቁጣው ግን ቅርብ ነው። በአያያዝ ጉድለት የተበላሸ ዕቃ ሲመጣለት የገዛ ልጁን የመቱበት ያህል ይከነክነዋል።

ከዕለታት በአንዱ ንጋቱ የሚባል ጊታር ተጫዋች አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ መጣ። ንጋቱ ከአውራ ጎዳናው ዳር ባለ ሆቴል የሚጫወት ዝምተኛ ሰው ነው። ሲራክ ክዳኑን ፈትቶ አየ። ድምፁን አጉልተው ወደ ስፒከሩ የሚልኩት ሁለቱ አይሲዎች ተቃጥለዋል። ከኋላ በኩል ደግሞ አንድ ረጅም ሽቦ ተቀጥሎበታል።

«ይሄን ማን ቀጠለው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሲራክ። ሌላ ስፒከር ለመጨመር ብዬ...»

«የራሱ አልበቃህም? ይሄ ማሽን የሚችለው የአንዱን ሸክም ነው። ሁለተኛ ስትጭንበት ነዶ ያልቃል።»

«እሱማ ሽቦው የሚሄደው...» ብሎ ንጋቱ ሲጀምር ሲራክ ሽቦውን በፒንሳ ቆረጠውና «ሁለተኛ እንዳላይ» አለው። አይሲዎቹን ቀይሮ፣ ክዳኑን ገጥሞ ሰጠው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ንጋቱ ተመለሰ። አዲሶቹ አይሲዎች ነደዋል፤ ሽቦውም እንደገና ተቀጥሏል። ሱቁ ውስጥ ዕቃቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ሲራክ ሽቦውን ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

«እስቲ እዩልኝ ይሄን ሰው። አገር ምድሩ ካልሰማለት የተጫወተ አይመስለውም።»

ሰዎቹ ሳቁ። ንጋቱ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው።

«እጠግንልሃለሁ፤ ግን ሽቦውን ላትመልሰው እዚሁ ሰው ፊት ማልልኝ። አለዚያ ዕቃህን ይዘህ ሂድ።»

ያለ አምፕሊፋየሩ ንጋቱ እንጀራ የለውም። አንገቱን ደፍቶ ማለ። መሐላውንም ጠበቀ።

ከወር በኋላ የንጋቱ ሚስት ትርንጎ አረፈች። እድራቸው አንድ ስለነበር ሲራክ ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። ቤታቸው ከሆቴሉ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ድንኳኑ በሰው ስለሞላ ወደ ውስጥ አስገቡት። ሲቀመጥ ዓይኑ በሟች አልጋ ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለች ትንሽ ስፒከር ላይ አረፈ። ከስፒከሯ የወጣው ሽቦ በመስኮቱ አልፎ ወደ ሆቴሉ ያመራል። ሲራክ ሽቦውን አወቀው።

አጠገቡ ወደተቀመጡት ጎረቤት ዘንበል ብሎ «እማማ፣ ይቺ ስፒከር ለምንድን ናት?» ሲል ጠየቃቸው።

«ትርንጎዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ አልጋ አልወረደችም» አሉ። «እሱ እዚያ ሲጫወት እሷ እዚህ ትሰማው ነበር። ሥራውን ሲጨርስ የምትወደውን ዜማ ይጫወትላታል፤ ‹አሁን መምጣቱ ነው፣ ጸጉሬን አስተካክሉልኝ› ትለናለች። በኋላ ምን እንዳገኛት እንጃ፣ ስፒከሯ ዝም አለች። ‹ዛሬም ድምፁ አይሰማም?› እያለች ነበር የምትጠይቀን። ያረፈችውም እሱ እዚያ እየተጫወተ ሳለ ነው።»

ሲራክ ተነሥቶ ንጋቱ ፊት ተንበረከከ።

«ለምን አልነገርከኝም? ማሽኑ ሳይጎዳ ሁለቱንም ስፒከሮች እንዲችል አድርጌ አገናኝልህ ነበር እኮ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር።»

ንጋቱ ክንዱን ይዞ አነሣው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«መጀመሪያ ልነግርዎ ነበር፣ ጋሽ ሲራክ። በኋላ ግን ሰዎቹ ሲስቁ፣ የእሷን ስም በዚያ ሳቅ መሐል ማንሣት አልሆነልኝም።»

ሲራክ «ይቅር በለኝ» አለ፤ ንጋቱም «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለው። ይቅርታው እውነተኛ ነበር። ትርንጎ በዝምታ የጠበቀችባቸውን እነዚያን ቀናት ግን ከሁለቱ አንዳቸውም ሊመልሳቸው አልቻለም።

ወዳጆቼ፣ ሲራክ ስለ ማሽኑ የተናገረው ሁሉ ትክክል ነበር። አይሲዎቹን ያቃጠለው በእርግጥም ያ ሽቦ ነው። እኛም ብዙ ጊዜ ልክ ነን፤ ሰው የሳተውን ቶሎ እናያለን፣ ለማረምም እንፈጥናለን። ያን ያደረገው ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ ግን ትዕግሥት ያጥረናል። ሳይጠይቁ ማረም፣ እውነት ይዞም ቢሆን፣ ሰው ይጎዳል። በሰው ፊት ሲሆን ደግሞ የተጎዳውን አፍ ይዘጋል።

እስቲ በቅርቡ የገሠጻችሁትን ሰው አስቡ። ሊናገር ጀምሮ ያቋረጣችሁት ነገር መጨረሻው ምን ነበር?