የኦዲል ጋዜጣ ለማን ይሁን?

በአንድ ወቅት በፈረንሳይ አገር፣ ሊዮን በምትባል ከተማ፣ ኦዲል ቫሬን የምትባል ጸሐፊ ነበረች። ሃያ ዓመት ሙሉ የጻፈችው በወንድ ስም ነው፤ በራሷ ስም ብትልከው የጋዜጣ አዘጋጆቹ ገልጠውም አያዩላትም ነበር። ጽሑፏን ያነበቡ ወንዶች «ይህ ሰው እንዴት ያለ ጭንቅላት አለው!» ሲሉ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ትሰማለች። እንዴት እንዳላበደች እኔ አላውቅም።

በመጨረሻ የራሷን ጋዜጣ አቋቋመች፤ ስሙንም «መርፌ» አለችው። «በእኔ ጋዜጣ ማንም ሴት ስሟን አትደብቅም» ብላ ማለች። ያን ጊዜ ጥሩ መሐላ ይመስል ነበር።

አንድ ቀን ዜሊ የምትባል ጓንት ሰፊ መጣች። የሚደበድባትን ባሏን ጥላ፣ የአሥር ዓመት ልጇን ኖኤሚን ይዛ ተደብቃ የምትኖር ሴት ናት። የአገሩ ሕግ ልጅ የአባት ነው ይላል፤ እናቲቱ በዱላ ተባርራም ቢሆን ልጁ የአባት ነው። ኦዲል ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ተቀምጣ ጻፈች፤ እንደዚያ ያለ ጽሑፍ በዕድሜዋ ጽፋ አታውቅም። ጽሑፉ እንዲወጣ ግን የሦስት ሰዎች ድፍረት ያስፈልግ ነበር።

ጋስፓር መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ሕጉ ሴት የጋዜጣ ኃላፊ ሆና እንድትፈርም አይፈቅድም፤ የሚፈርመው ወንድ ነው፤ ጥፋት ከተገኘም የሚታሰረው እሱ ነው። ጋስፓር ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ «ለዚህስ ያስሩኛል» አለና ፈረመ። እውነትም የጋብቻን ሕግ አዋርደሃል ተብሎ ስድስት ወር ታሰረ። ከእስር ቤት ይዞት የወጣው ሳል እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

ኤርሚን ፊደል ለቃሚ ናት፤ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ የማተሚያ ፊደሎችን እየለቀመች ገጽ የምትደረድር። የከተማው ወንድ ለቃሚዎች ይህን ጽሑፍ የነካ ከማኅበራችን ይባረራል ብለው ተማማሉ። ኤርሚን ሙያውን ከአባቷ የተማረች፣ ማኅበሩም በስንት ልመና የተቀበላት ብቸኛ ሴት ነበረች። እጅጌዋን ሰበሰበችና ለቀመችው። ከዚያ ወዲህ አንድም ማተሚያ ቤት በሩን አልከፈተላትም።

ዜሊን ደግሞ ኦዲል «ስምሽን ላውጣው?» ብላ ጠየቀቻት። ዜሊ ትንሽ አሰበችና «ውሸት እንዳይመስል ያውጡት» አለች። ሌሎች ጋዜጦች እንዲህ ላለው ነገር የባለጉዳይዋን ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ያወጡ ነበር። ኦዲል መሐላዋን እንጂ ባልየውን አላሰበችም፤ ስሟን ከነሰፈሯ አወጣችው። በሦስተኛው ቀን ባልየው ከፖሊስ ጋር መጥቶ ኖኤሚን ወሰዳት። የት እንዳደረሳት የሚያውቅ የለም።

«መርፌ» በዚያ እትም ስሙ ገነነ፤ በየከተማው የሚያነቡት ሴቶች በዙ። ሦስት ዓመት አለፈና ኦዲል ታመመች። ሐኪሙ ሳምንት አትቆይም አለ። ሕጉ ጋዜጣውን ለአንድ ሰው ብቻ እንድታወርስ ይፈቅዳል። ኑዛዜውን ሊጽፍ የተጠራው ውል አዋዋይ ብዕሩን ይዞ ተቀመጠ፤ ሦስቱም አልጋዋን ከበው ቆሙ።

«ጋዜጣው የእናንተ ቢሆን መጀመሪያ ምን ታወጣላችሁ?» አለች።

ጋስፓር «የድሮ ጽሑፎችዎን ሁሉ በእውነተኛ ስምዎ አወጣለሁ። ፈራሚውም እኔው ስለሆንኩ አንድ ሳምንት እንኳ አይቋረጥም» አለ።

«የሴቶቹ ጋዜጣ ባለቤት ወንድ ሊሆን ነዋ» አለች ኦዲል።

ኤርሚን «ሴቶችን ሙያዬን አስተምራለሁ። ከጽሑፉ እስከ ኅትመቱ የሴት እጅ ብቻ የነካው እትም አወጣለሁ» አለች።

«የሚፈርምልሽስ?»

«ወንድ ካጣሁ በራሴ ስም ፈርሜ እታሰራለሁ።»

እንዲህ ከሆነ ጋዜጣው በማግስቱ እንደሚዘጋ እዚያ ክፍል ውስጥ ያልገባው ሰው የለም።

ዜሊ «እኔ የኖኤሚን ስም ነው የማወጣው» አለች። «በየሳምንቱ፣ በፊተኛው ገጽ፣ እናትሽ እዚሁ ሊዮን ናት እያልኩ።»

«የሌሎቹ እናቶች ጉዳይስ?»

«የነሱም ይውጣ። የእኔ ግን ይቅደም።»

ኤርሚን ቀስ ብላ «ዜሊዬ፣ አንቺ እኮ ማንበብ አትችዪም» አለቻት።

«እኔ አልችልም። ልጄ ግን ታነባለች።»

ኦዲል አለቀሰች። «አንዱን አሳሰርኩ፣ አንዷን ከሙያዋ አስባረርኩ፣ የዚችን ደግሞ ልጇን አስወሰድኩ» አለች። ከዚያ ውል አዋዋዩን ጠጋ በል ብላ አንድ ስም ነገረችው።

ይህን ያጫወቱኝ ሰው እዚህ ሲደርሱ ታሪኩን አቆሙ። ስሙን ይንገሩኝ ብዬ ብለምን ብቆጣ አልነግር አሉኝ። እኔም ራሴ ልፍረድ ብዬ ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ ጠዋት ለአንዱ የሰጠሁትን ከሰዓት እነጥቀዋለሁ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ጋዜጣው ሳይቋረጥ ለሚያቆየው፣ በሴቶች እጅ ብቻ እንዲሠራ ለምትፈልገው፣ ወይስ በእሱ ምክንያት ልጇን ላጣችው፣ ለማን ይገባል?