የእፎይ ጠባሳ

ከመንታ ውሃ ከተማ ሽቅብ ለሚያይ፣ በተራራው ግንባር ላይ ሣር የማይበቅልበት ቀይ ጠባሳ አለ፤ ስሙም እፎይ ነው። ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ ድሮ እዚያ ከአጋምና ከቁልቋል ጀርባ የተሸሸገ ሰፊ አለት ነበረ፤ እሱ ላይ የተቀመጠ ሰው ከተማዋን ከነጓዳዋ ያያት ነበር ይባላል። መንገዱን የሚያውቀው ያገሬው ሰው ብቻ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቤቱ ያደረን እንግዳ እዚያ አውጥቶ ካላሳየ ያስተናገደው አይመስለውም። ደግነት መጠን አለው፤ የነሱ ግን አልነበረውም።

ጓንጉል የሚባል ድንጋይ ፈላጭ አንድ የፈረስ ነጋዴ አሳደረና እንደ ወጉ ወደ እፎይ አወጣው። ከሚስቱ ከአትጠገብ ጋር ልብ ለልብ የተገናኙት እዚያ ነበርና፣ በኩራት የከተማዋን በሮችም የውሃ ምንጯንም በጣቱ እያመለከተ አሳየው። ሰውየው ለካ የቆላው ሹም ሰላይ ኖሯል። ብዙም ሳይቆይ የሹሙ ነፍጠኞች አለቱ ላይ ሰፍረው ውሃ ቀጂውን ሁሉ እየተኮሱ ይጥሉት ጀመር። ሬሳ ሊያነሳ የወጣው ሬሳው ላይ ወደቀ፤ ከወደቁትም አንዱ የአትጠገብ ወንድም ነበር።

«እርስዎ» ትለው የነበረች ሚስት ያን ቀን «አንተ» አለችው።

«አንተ ያሳየኸውን አንተው አጥፋው!»

«የኛ ድንጋይ እኮ ነው፣ አትጠገብ።»

«ወንድሜስ የኛ አልነበረም?»

አለት የሚሰነጠቀው በእሳትና በውሃ ነው። ጭጋግ ሲወርድ ጓንጉልና ጎረቤቶቹ ከአለቱ ሥር ያለውን ስንጥቅ በወይራ ግንድ ሞልተው አነደዱት። ነፍጠኞቹ ጭሱ ሲሸታቸው ቁልቁል ተኮሱ፤ ብዙ ሰው አለቀ። የተረፉት ለልጆቻቸው ያስቀሩትን የመጨረሻ ውሃ በእንስራ እየተቀባበሉ በጋለው ድንጋይ ላይ ደፉበት። እፎይ ጮኾ ተተረተረና ነፍጠኞቹን ይዞ ገደል ገባ።

ጓንጉል ፍርስራሹ ውስጥ ሲዞር ከነፍጠኞቹ ጋር የነበረውን ያንን ነጋዴ ወገቡ ድረስ ተቀብሮ አገኘው።

«ቤትህ በልቻለሁ፣ ማረኝ!» አለው ነጋዴው።

«በልተህማ ነው ያሳየሁህ» አለና ጓንጉል በመዶሻው ግንባሩን አፈረሰው። ከዚያ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ያለቀሰው ግን ለሰውየው ሳይሆን ለድንጋዩ ነው ይባላል።

ዛሬም በመንታ ውሃ እንግዳ በልቶ፣ ጠጥቶ ያድራል። «ከተማችሁ ከየት ስትታይ ታምራለች?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ፣ «ከዚያ ነበር» ይሉታል፤ የሚያሳዩት ግን ጣታቸውን አጥፈው፣ በጡጫ ነው።